የኮሚሽኑ ጠመንጃ፦ በጥድፊያ የተሠራው የጀርመን 88 ጉዳይ

የድሮ ጠመንጃ ሻጮች ብዙ ጊዜ «ሞዘር 88» የሚል ወረቀት ይለጥፉበታል። ሞዘር ግን አይደለም። የሞዘር ጠመንጃዎች ፈጣሪ ፓውል ሞዘር ያልተጠራበት ሥራ ነው። የጀርመን ሠራዊት «ጌቬር 88» ብሎ መዘገበው፤ «ጌቬር» በጀርመንኛ ጠመንጃ ማለት ነው፤ ሰብሳቢዎች ደግሞ «የኮሚሽኑ ጠመንጃ» ይሉታል። ኮሚቴ የሠራው ማለት ነው። በኮሚቴ የተሠራ ነገር ምን እንደሚመስል ለሚያውቅ ሰው ብዙ ማብራሪያ አያስፈልግም።

ይህን ጠመንጃ የመረጥኩት ምርጥ ስለሆነ አይደለም። ከሱ ቀጥሎ የመጣው ጌቬር 98 በሁሉም ነገር ያስከነዳዋል። የመረጥኩት ጥፋቱም እርማቱም ብረቱ ላይ ታትሞ ስለሚገኝ ነው። ሌላ ጠመንጃ ታሪኩን ለማወቅ መዝገብ ማገላበጥ ይፈልጋል። 88 ግን መጽሐፍ ሳይገለጥ ግማሹን ይናገራል። መሀል ላይ ደግሞ በርሊንን ያናወጠ አንድ የፖለቲካ ቅሌት አለ። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ድንጋጤው

ነገሩ የሚጀምረው ፈረንሳይ ውስጥ ነው። በ1884 ፖል ቪዬይ የሚባል ኬሚስት ጭስ አልባ ባሩድ ሠራ። እስከዚያ ድረስ የዓለም ወታደር ሁሉ የሚተኩሰው በጥቁር ባሩድ ነበር። ጥቁር ባሩድ ይጨሳል፤ ከጥቂት ተኩስ በኋላ ተኳሹ ፊቱን አያይም፤ ጠላት ግን ጭሱን አይቶ የት እንዳለ ያውቃል። አዲሱ ባሩድ ጭሱን አስቀረው። ጉልበቱም እጅግ የበለጠ ነው። ፈረንሳዮች በ1886 ሌቤል የተባለውን 8 ሚሊሜትር ጠመንጃ በዚህ ባሩድ ሠሩ። የኛ አባቶች «ለበን» ያሉት እሱ ነው።

ጀርመን በዚህ ጊዜ ምን ነበራት? ሞዘር 71/84። ጥሩ ጠመንጃ ነበር፤ 11 ሚሊሜትር፣ ከቱቦው ሥር በተዘረጋ ካዝና 8 ጥይት የሚይዝ። ግን የጥቁር ባሩድ ጠመንጃ ነው። ለወታደሩ ገና እየታደለ ሳለ አረጀ። ገንዘቡ ወጥቷል፣ ፋብሪካው ቆሟል፣ ጠመንጃው ግን ኋላ ቀር ሆኗል።

ወቅቱም መጥፎ ነበር። የፈረንሳይ ጦር ሚኒስትር ጄኔራል ቡላንዤ በሕዝብ ፊት የበቀል ስሜት ይቀሰቅስ ነበር። በሚያዝያ 1887 ሽኔብሌ የተባለ የፈረንሳይ ፖሊስ ኮሚሽነር ድንበር ላይ በጀርመኖች ሲያዝ ሁለቱ አገሮች ለጦርነት ተፋጠጡ። ጦርነት ቢነሳ የጀርመን ወታደር በጭስ ተሸፍኖ፣ ከማይታይ ጠላት ጋር ሊዋጋ ነው። በርሊን ያሉ ጄኔራሎች እንቅልፍ ቢያጡ አይፈረድባቸውም።

ከየቦታው የተለቀመ

ሥራው በርሊን አጠገብ ስፓንዳው ለሚገኘው የጠመንጃ ፈተና ኮሚሽን ተሰጠ። ኮሚሽኑ ጊዜ አልነበረውም። ስለዚህ ከያለበት ለቀመ። የቱቦው ውስጥ ጠምዛዛ ቦይ ከፈረንሳዩ ሌቤል ተቀዳ። ካዝናው ከኦስትሪያዊው ፈርዲናንድ ማንሊኸር ተወሰደ፤ ምንሽር የምንለው ጠመንጃ ባለቤት ነው። መዝጊያው ከሞዘር አሠራር ተነስቶ ሽሌገልሚልኽ የተባለ የስፓንዳው ባለሙያ ያስተካከለው ነው። ቱቦውን እንደ ሽፋን የሚያለብሰው ቀጭን የብረት እጅጌ ደግሞ የአርማንድ ሚግ ሐሳብ ነው። ጥይቱ አዲስ ነበር፤ 7.9 ሚሊሜትር ሆኖ የቀለሁ ርዝመት 57 ሚሊሜትር። ይህች ቀለህ ኋላ የዓለምን ሠራዊት ግማሽ አዳርሳለች።

ጠመንጃው በኅዳር 1888 ጸደቀ። ከባዶ ወረቀት እስከ ጸደቀ ሞዴል ድረስ ያለው ጊዜ ለዚያ ዘመን ለማመን የሚከብድ አጭር ነው። መጀመሪያ የደረሰው በፈረንሳይ ድንበር ለሰፈሩት ክፍሎች ነበር።

ማንሊኸር ዝም አላለም። ፓተንቱ የሱና የሽታየር ፋብሪካ ነው። ያለ ፈቃድ ተወስዷል። ክርክሩ በስምምነት አለቀ፤ ሽታየር ራሱ ጌቬር 88 እያመረተ እንዲሸጥ ተፈቀደለት። ለዚህ ነው ዛሬ የጀርመን ጠመንጃ ሆኖ የኦስትሪያ ፋብሪካ ስም ያለበት 88 የሚገኘው። አዲስ ሰብሳቢዎች ይህን ሲያዩ «የተቀየረ ነው» ብለው ይጠራጠራሉ። አይደለም፤ የካሳ ውጤት ነው።

የመንግሥት ፋብሪካዎቹ ስፓንዳው፣ ኤርፈርት፣ ዳንዚግና የባቫሪያው አምበርግ ነበሩ። እነሱ ብቻ አይበቁም ነበር። ስለዚህ በርሊን ላለው ሉድቪግ ሎቬ ኩባንያ የ425,000 ጠመንጃ ውል ተሰጠ። ሎቬ በ1869 የልብስ ስፌት መኪና ለመሥራት የተቋቋመ ድርጅት ነው። ኋላ ወደ ማምረቻ ማሽኖችና መሣሪያ ዞረ። መሥራቹ ሉድቪግ በ1886 ሞቶ ወንድሙ ኢሲዶር ይመራው ነበር። ቤተሰቡ አይሁድ ነው። ይህን ልብ ይበሉልኝ።

ለፈረሰኛ የሚሆነው አጭሩ ካርባይን በ1890 ተከተለ። ሙሉው ጠመንጃ 1 ሜትር ከ24 ሳንቲሜትር ገደማ ነው፤ ካርባይኑ ግን 95 ሳንቲሜትር አካባቢ ብቻ። የመዝጊያው እጀታ እንደ ማንኪያ ጠፍጣፋና ወደ ታች የታጠፈ ነው፤ ኮርቻ ላይ እንዳይንጠለጠል። አብዛኛው የተሠራው ዙል በሚባለው የጠመንጃ አንጥረኞች ከተማ፣ በሺሊንግና በሄኔል ቤት ነው። ጌቬር 91 የሚባለው የመድፈኛው መሣሪያ ከካርባይኑ ጋር መንታ ነው። ልዩነቱ ከአፈሙዙ ሥር ጠመንጃዎችን እርስ በርስ አደጋግፎ ለማቆም የምታገለግል አጭር ዘንግ አለችው። ያቺን ዘንግ ቆርጦ «ካርባይን» ብሎ የሚሸጥ ስለማይጠፋ ከአፈሙዙ ሥር ማየት ይገባል።

የት ላይ ተበላሸ?

ችግሩ አንድ አይደለም። ዋናው ግን ይህ ነው፤ በ1888 ጭስ አልባ ባሩድ ቱቦ ላይ ምን እንደሚያደርግ በቅጡ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። የቀድሞው ጥይት ለስላሳ እርሳስ ነው። አዲሱ ጠንካራ ብረት የለበሰ ነው። ቱቦው ውስጥ የተቀረጸው ቦይ ጥልቀት 0.10 ሚሊሜትር ብቻ ነበር። ጠንካራውን ጥይት በዚያ ጠባብ መንገድ በከፍተኛ ግፊት መግፋት ቱቦውን ቶሎ ይበላው ጀመር። አንዳንዱም ፈነዳ።

ሁለተኛው የአጎራረሱ ጉዳይ ነው። ጥይቱ ከካዝና ወጥቶ ወደ ማረፊያው ሲገፋ፣ ቀለሁን ይዞ የሚያወጣው መንጠቆ ወዲያው አይዘውም። የሚይዘው መዝጊያው እስከ መጨረሻ ሲዘጋ ነው። አሁን ወታደሩን አስቡት። ደንግጧል፤ መዝጊያውን ገፍቶ ሳይዘጋ መልሶ ሳበው። የመጀመሪያው ጥይት እዚያው ውስጥ ቀርቷል። ደግሞ ሲገፋ ሁለተኛው ጥይት አፍንጫው የመጀመሪያውን ቂጥ ይመታል፤ ማቀጣጠያው ያለው እዚያ ነው። መዝጊያው ክፍት ሆኖ ጥይት ከፈነዳ የሚመጣው ወደ ተኳሹ ፊት ነው። ሞዘር በኋለኛው ጠመንጃው በጌቬር 98 ይህን ፈታው፤ መንጠቆው ጥይቱን ከካዝና ከወጣበት ቅጽበት ጀምሮ አንቆ ይይዘዋል።

ሦስተኛው ካዝናው ነው። አምስት ጥይት ከነቆርቆሮ ማቀፊያው አንድ ላይ ይገባል። የመጨረሻው ጥይት ሲጎርስ ባዶው ማቀፊያ ከታች ባለው ቀዳዳ ይወድቃል። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ፈጣን ነው። ግን ማቀፊያ የሚወጣበት ቀዳዳ ጭቃም ይገባበታል። ማቀፊያው ከሌለ ደግሞ ካዝናው አይሠራም፤ ጠመንጃው አንድ አንድ እየጎረሰ የሚተኩስ ይሆናል።

የብረት እጅጌውም የታሰበለትን ያህል አልጠቀመም። ቱቦው ሲግል በነጻነት እንዲለጠጥና ወታደሩ እጁን እንዳያቃጥል ነበር የታሰበው። በተግባር ውሃ ከእጅጌው ሥር እየገባ ዝገት አበቀለ። እጅጌው ካልተፈታ ዝገቱ አይታይም። ዛሬም ከውጭ የሚያበራ 88 ገዝቶ ከውስጥ የተበላ ቱቦ የሚያገኝ ሰው አለ።

እነዚህ ሁሉ የንድፍና የጥድፊያ ችግሮች ናቸው። ስፓንዳው የተሠራውም፣ ሎቬ የሠራውም፣ ሽታየር የሠራውም እኩል ይነካቸዋል። አንድ ሰውዬ ግን ሌላ ማብራሪያ ይዞ ብቅ አለ።

አልቫርት

ሄርማን አልቫርት በርሊን ውስጥ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ነበር። ከሥራው የተባረረበት ምክንያት ለልጆች የገና ዝግጅት ከተዋጣ ገንዘብ መስረቁ ነው። እንጀራው ሲቋረጥ ሌላ ሙያ አገኘ፦ አይሁድን መስደብ። በዚያን ጊዜ ጀርመን ውስጥ ይህ ሙያ ገበያ ነበረው።

በ1892 አንድ በራሪ ጽሑፍ አሳተመ። ጽሑፉ የሎቬን ምርት «የአይሁድ ጠመንጃ» ብሎ ሰየመው። ክሱ በአጭሩ እንዲህ ነው፤ የሎቬ ፋብሪካ ሆን ብሎ የተበላሸ ጠመንጃ ለሠራዊቱ ሸጧል፤ ዓላማው ጀርመን በሚቀጥለው ጦርነት እንድትሸነፍ ነው፤ ከበስተጀርባው ፓሪስ ያለው የአይሁድ ማኅበር አለ። ጠመንጃው በጠላት ሳይሆን በያዘው ወታደር ላይ ይፈነዳል አለ።

ክፉ ውሸት የሚጣፍጠው ውስጡ የእውነት ፍርፋሪ ሲኖርበት ነው። ጠመንጃዎቹ በእርግጥ ችግር ነበረባቸው። ልጁ ወታደር የሆነ አባት ስለ ፈነዳ ቱቦ ሰምቷል። የሰማው ግን ስለ ሎቬ ብቻ አልነበረም። አልቫርት የሁሉንም ፋብሪካ ችግር ሰብስቦ አንድ ቤት በር ላይ ደፋው። መንግሥት ደግሞ ንድፉ በጥድፊያ የተሠራ መሆኑን ጮክ ብሎ መናገር አልፈለገም፤ ፈረንሳይ እየሰማች ነው። እኔ በዚህ ጉዳይ ከአልቫርት ቀጥሎ የምወቅሰው ይህን ዝምታ ነው። ለቴክኒክ ጥያቄ የቴክኒክ መልስ ቶሎ ቢሰጥ ኖሮ የሰውዬው ጽሑፍ ያን ያህል ርቀት ባልሄደ ነበር።

የጦር ሚኒስቴሩ በመጨረሻ የሎቬ ጠመንጃዎች ከሌሎቹ የማያንሱ መሆናቸውን አስታወቀ። አልቫርት በስም ማጥፋት ተከሶ በታኅሣሥ 1892 ችሎት ቀረበ። 5 ወር እስር ተፈረደበት።

ታዲያ ገባ? በዚያው ወር በአርንስቫልደና ፍሪደበርግ ምርጫ ክልል የራይኽስታግ፣ የጀርመን ምክር ቤት፣ አባል ሆኖ ተመረጠ። ቦታው ዛሬ ፖላንድ ውስጥ ነው። የገጠሩ መራጭ ከፍርዱ ይልቅ ክሱን አመነ። አልቫርት በምክር ቤት አባልነቱ ያለመከሰስ መብት ተጠለለ።

በ1895 ወደ አሜሪካ ሄዶ ኒው ዮርክ ውስጥ ያንኑ ስብከት ሊሰብክ ፈለገ። የከተማው የፖሊስ ቦርድ ፕሬዚዳንት ያኔ ቴዎዶር ሩዝቬልት ነበር። ንግግሩ እንዲታገድ የጠየቁ ነበሩ። ሩዝቬልት አላገደውም። ጥበቃ መደበለት፤ ጠባቂዎቹን ግን በሙሉ አይሁድ ፖሊሶች አደረጋቸው። አልቫርት አይሁድን ሲሰድብ አይሁድ ቆመው ጠበቁት። እንዲህ ያለ መልስ ከማንም ፍርድ ቤት አይገኝም። ሰውዬው በ1914 ላይፕዚግ ውስጥ በመንገድ አደጋ ሞተ።

ሎቬስ? ውሉን ጨርሶ አስረከበ። ኢሲዶር ሎቬ ከዚያ ቀደም ብሎ በ1887 የሞዘርን ፋብሪካ አክሲዮን ገዝቶ ነበር። በ1896 ደግሞ ድርጅቱ ከሌሎች ጋር ተዋህዶ ዴቬኤም የተባለው ግዙፍ የመሣሪያ ኩባንያ ሆነ። ያው «ከሃዲ» የተባለው ቤት ለዚያው ሠራዊት ጌቬር 98ን አመረተ። ሠራዊቱ ራሱ አልቫርትን ምን ያህል እንዳመነው ከዚህ ይታወቃል።

እርማቱ እንዴት ተጻፈ

ጫጫታው ሲበርድ መሐንዲሶቹ ሥራቸውን ቀጠሉ። በ1896 የቱቦው ቦይ ጥልቀት ከ0.10 ወደ 0.15 ሚሊሜትር ተለወጠ። ቦዩ የጠለቀ ጠመንጃ ላይ «ዜድ» የምትባለው የላቲን ፊደል ተመታች። ለሰብሳቢ ይህች ትንሽ ምልክት ትልቅ ነገር ናት። በ1890 ተሠርቶ «ዜድ» የሌለው 88 ካገኙ፣ አልቫርት ሲጮህ የነበረውን ቱቦ እንደነበረ አገኙ ማለት ነው። ለታሪክ ግሩም ነው። ለመተኮስ አደገኛ ነው።

ከዚያ ጥይቱ ራሱ ተለወጠ። በ1903 ጀርመን አፍንጫው ሹል የሆነ ጥይት ተቀበለች። የቀድሞው ድቡልቡል አፍንጫ ያለው፣ 14.7 ግራም የሚመዝን ነበር። አዲሱ ወደ 10 ግራም ወርዶ ፍጥነቱ በጣም ጨመረ። ስፋቱም ተለወጠ፤ ከ8.08 ወደ 8.2 ሚሊሜትር ገደማ። በወረቀት ላይ ምንም አይመስልም። ቱቦ ውስጥ ግን በመተኮስና በመፈንዳት መካከል ያለ ልዩነት ሊሆን ይችላል። ለአዲሱ ጥይት የተስተካከሉት 88ቶች ከጥይት ማረፊያው በላይ «ኤስ» የሚል ፊደል ታተመባቸው።

በ1905 ሌላ እርማት መጣ። የማንሊኸር ማቀፊያ ቀረ። በምትኩ ጥይቱ እንደ ጌቬር 98 ከላይ በጣት እየተገፋ ከቆርቆሮ ማንሸራተቻ ላይ እንዲገባ ተደረገ። ለዚህም ማንሸራተቻውን የሚይዙ ሁለት ጆሮዎች ከመዝጊያው ፊት ተጨመሩ። ያ ጭቃ የሚገባበት የታች ቀዳዳ በክዳን ተዘጋ። ይህ 88/05 ይባላል። በንጽሕና የተሠራ ነው። በ1914 ጦርነቱ ሲፈነዳ ግን ጠመንጃ አጠረ፤ መጋዘን የቀሩት 88ቶች በጥድፊያ ተመሳሳይ ለውጥ ተደረገላቸው። የነዚያ ብየዳ ሻካራ ነው፤ ዓይን ይወጋል። 88/14 ማለት ይሄ ነው። ሻጭ ሲያፍርበት አይቼ ያስቀኛል፤ የ1914ን ድንጋጤ እንደዚያ ብየዳ ቁልጭ አድርጎ የሚያሳይ ነገር የለም።

ብዙ 88ቶች በዚያ ጦርነት ለኦቶማን ቱርክ ተሰጡ። እነዚህ በማነጣጠሪያቸው ላይ የአረብኛ ቁጥር፣ በአካላቸው ላይ ጨረቃ ሊኖርባቸው ይችላል። ቱርክ ሪፐብሊክ ከሆነች በኋላም አንካራ ውስጥ እንደገና ታድሰዋል። ቻይና ደግሞ ከ1895 ጀምሮ ሃንያንግ በሚባለው ፋብሪካ የራሷን 88 ሠርታ እስከ 1940ዎቹ ድረስ ተዋግታበታለች። በርሊን በአሥር ዓመት የጣለችውን ጠመንጃ ቻይና ለሃምሳ ዓመት ገደማ ይዛው ቆየች።

ጠረጴዛው ላይ ሲገኝ

እንግዲህ አንድ 88 ፊታችሁ ተቀምጧል እንበል። መጀመሪያ ጥይት የሌለበት መሆኑን ያረጋግጡ፤ ይህ የማይዘለል ነው። ከዚያ መዝጊያውን ያስወጡ። የመዝጊያው አናት ለብቻው ተፈትቶ የሚወጣ ትንሽ ቁራጭ ነው። ባለፉት 130 ዓመታት በጽዳት ጊዜ ስንቱ ጠፍቷል። የሌለው ጠመንጃ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ሙሉ ይመስላል። መለዋወጫው ደግሞ እንደ ልብ አይገኝም። ዋጋ ከመነጋገር በፊት ይህን ማየት ነው።

ቀጥሎ ቁጥሮቹን ያንብቡ። የጀርመን ፋብሪካ ቁጥር ከ9999 አያልፍም፤ ከዚያ በኋላ እንደገና ጀምሮ ትንሽ ፊደል ያስከትላል። ያው ቁጥር ወይም የመጨረሻ ሁለት አኃዞቹ በየብረቱ ላይ ይደገማሉ፤ በመዝጊያው፣ በማነጣጠሪያው፣ በቀለበቶቹ፣ በብሎኖቹ ሳይቀር። ሁሉም አንድ ከሆነ ጠመንጃው ከፋብሪካ እንደወጣ አለ ማለት ነው። በቱርክ በኩል ያለፈ 88 ግን እንዲህ ሆኖ መገኘቱ ብርቅ ነው። ስለዚህ ጨረቃ ያለበት ጠመንጃ ላይ ሁሉም ቁጥር ገጥሞ፣ ማኅተሙም ትናንት የተመታ ይመስል ስል ከሆነ ይጠርጥሩ።

በጥይት ማረፊያው ላይ ዘውድ፣ የፋብሪካ ስምና ዓመት ይታያል። በግራ ጎኑ የሞዴሉ ስም በጥንቱ የጀርመን ፊደል ተጽፏል። የክፍለ ጦር ምልክት ካለ ከሰደፉ ብረት ላይ ወይም ከቀለበቱ ላይ ይፈለጋል። ያ ምልክት ካልተሰረዘ የትኛው ሬጅመንት የትኛው ሻምበል እንደያዘው ይታወቃል፤ ዋጋውንም ከፍ ያደርገዋል።

ሰዎች የሚሳሳቱበት ትልቁ ነገር «ኤስ» ፊደሏ ናት። «ለዘመናዊ ጥይት የተስተካከለ ነው» ብለው ያነቧታል። ማስተካከያው የተሠራው ለ1903ቱ ጥይት ነው፤ ዛሬ አውሮፓ ውስጥ ለሚሠራው ኃይለኛ ጥይት አይደለም። የመዝጊያው ብረትም ከመቶ ዓመት በላይ ያረጀ ነው። የአሜሪካ ጥይት ፋብሪካዎች በዚህ ስፋት የሚሠሩትን ጥይት ሆን ብለው ደካማ የሚያደርጉት እነዚህ የድሮ 88ቶች አሁንም በሰው እጅ ስላሉ ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ 88 የሚነበብ እንጂ የሚተኮስ ጠመንጃ አይደለም። መተኮስ ግድ ነው የሚል ሰው ለስላሳ እርሳስ በቱቦው አሳልፎ ስፋቱን የሚለካ፣ ጠመንጃውንም ከእግር እስከ ራሱ የሚፈትሽ ባለሙያ ጋ ይሂድ።

የ1898 መስመር

88 በአሜሪካ ተወዳጅ የሆነበት አንዱ ምክንያት ሕግ ነው። የ1968ቱ የፌዴራል የጠመንጃ ሕግ እስከ 1898 ድረስ የተሠራውን መሣሪያ «ጥንታዊ» ይለዋል። ጥንታዊ የተባለው በፌዴራል ደረጃ እንደ ሌላው ጠመንጃ ፈቃድ ባለው ነጋዴ በኩል ማለፍ የለበትም። የጀርመኖቹ 88ቶች ከዚያ መስመር በፊት ናቸው፤ የ1915 ጌቬር 98 ግን አይደለም። በ1899 የተሠራ መንትያ መሣሪያ በሌላ ሕግ ይገዛል። ግዛቶች የየራሳቸው ሕግ ስላላቸው ግን ኒው ዮርክ ያለ ሰው ቴክሳስ ያለውን ወዳጁን አይቶ አይግዛ። ጀርመን ውስጥ ደግሞ ይህ ነጻነት የለም። ያው ጠመንጃ በተሠራበት አገር ፈቃድ ይጠየቅበታል። አገራችንም ቢሆን የመሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 (ይህ ዓመት ብቻ በኛ አቆጣጠር ነው) አለ፤ የአያት ጠመንጃ ነው ማለት ብቻውን አያስጥልም።

ይህ የ1898 መስመር ከኛም ታሪክ ጋር ይገናኛል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ከኢትዮጵያ መጋዘኖች የወጡ የድሮ ጠመንጃዎች አሜሪካ ገብተው ለሰብሳቢዎች ተሽጠዋል። የጣሊያን ወጨፎ፣ የፈረንሳይ ውጅግራ፣ የቤልጅግ ሞዘር፣ የጀርመን ሞዘር በአንድ ክምር። ከነሱ ውስጥ በዓድዋ ዘመን የነበሩት ከመስመሩ በፊት ሲሆኑ በማይጨው ዘመን የመጡት ከመስመሩ በኋላ ናቸው።

የማይጨው ዘመኖቹ ውስጥ ጀርመን በ1935 በድብቅ ለኢትዮጵያ ከሰጠችው 10,000 ሞዘርና 10 ሚሊዮን ጥይት የተረፈ ሊኖር ይችላል። ሂትለር ይህን ያደረገው ለኛ አዝኖ አይደለም። ሙሶሊኒ ኦስትሪያን እንዳይወስድ ስለከለከለው ጣሊያን አፍሪካ ውስጥ እንድትጠመድ ፈልጎ ነው። ነገሩን በርሊን ሄዶ ያስጨረሰው ዳዊት ሆል ሲሆን፣ አባቱ ለአፄ ቴዎድሮስ መድፍ ካቀለጡት አውሮፓውያን አንዱ ነበር። መላኩ ምሥጢር ስለነበር የጀርመን ምልክት እንዳይታይ ተደርጓል። ይህ ለሰብሳቢ ራስ ምታት ነው። 88 ላይ ሁሉም ነገር ታትሟል፤ በዚህኛው ላይ ዋናው ማስረጃ የምልክቱ አለመኖር ነው። ምልክት የሌለውን ሞዘር ሁሉ «የ1935ቱ ነው» የሚል ሻጭ ስለማይጠፋ፣ ከኢትዮጵያ መውጣቱን የሚያሳይ የአስመጪ ማኅተም ወይም ወረቀት ሳያዩ ለታሪኩ ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል አይገባም።

ወደ 88 ስንመለስ፣ ገበያው ላይ የካርባይኑ ዋጋ ከረጅሙ ይበልጣል፤ ቁጥሩ ስለሚያንስ። ከረጅሞቹ መሀል ያልታረመው፣ ማለትም የታች ቀዳዳው ክፍት የሆነና ጆሮ ያልተበየደለት፣ ከሁሉ ይወደዳል። የቱርኩ ይረክሳል። እኔ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገዛ ሰው የረከሰውን የቱርክ 88/05 ቢይዝ እላለሁ። የ1891 የሎቬ ስም፣ የ1896 «ዜድ»፣ የ1903ቱ «ኤስ»፣ የ1905 ጆሮ፣ የኦቶማን ቁጥር፣ ሁሉም አንድ ብረት ላይ ተደርድሮ ሊያገኝ ይችላል። የመዝጊያው አናት ካለ ይግዛ። ከሌለ ሻጩ መቶ ዶላር ቢቀንስም ትቶት ይለፍ።